የጥርስ ራጅ በጣት፣ በመያዣ፣ በፊልም ወይስ በሴንሰር? ራጅ ከመድገም የሚያድነንን ለመምረጥ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር የጥርስ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው፣ ወይም ያረጀ ዕቃውን ሊቀይር ያሰበ ሐኪም፣ ቀድሞ የሚጠይቀው "ዲጂታል ልግባ ወይስ በፊልም ልቀጥል?" ብሎ ነው። ሻጩም በዚያው ይቀበለዋል። ስለ ምስል ጥራት፣ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ፍጥነት ይነግረዋል። ክሊኒኩ ውስጥ በየቀኑ ራጅ የሚያስደግመው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። የሥሩ ጫፍ ተቆርጧል። ጥርሶቹ ተደራርበዋል። የምስሉ አንድ ጥግ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እነዚህ የአቀማመጥ ስህተቶች ናቸው። ውድ ዕቃም ላይ ይመጣሉ፣ ርካሽም ላይ ይመጣሉ።

ስለዚህ ይህ ንጽጽር የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ራጅ ከመድገም የሚያድነን የትኛው ነው? የአንድ ጥርስ ራጅ ጨረር ትንሽ ነው፤ በማይክሮሲቨርት የሚቆጠር። ቢሆንም የመጀመሪያው ራጅ ተበላሽቶ ሲደገም፣ የፊተኛው ጨረር ለታካሚው ምንም ሳይጠቅም የገባ ነው። ታካሚው ሕፃን ሲሆን ይህ ይበልጥ ይከብደኛል። ከደደር ወይም ከጭሮ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የመጣ ሰውም "አንዴ እንደገና" ሲባል ደስ አይለውም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከሴንሰሩ (ምስሉን ወዲያው ስክሪን ላይ ከሚያወጣው ዲጂታል ዕቃ) በፊት ቀለበት ያለውን መያዣ፣ ማለትም ታካሚው ነክሶ ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን የሚያቆምበትን ዕቃ፣ ግዙ።

ስህተቶቹን እንለይ

ኮን ከት የሚባለው የሚመጣው የቲዩቡ (የጨረር ማመንጫው) ኮን፣ ማለትም ጨረሩ የሚወጣበት ጫፍ፣ ምስል ተቀባዩን (ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን) ሙሉ በሙሉ ሳይሸፍን ሲቀር ነው። ጨረር ያልደረሰበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኮኑ ክብ ከሆነ የነጩ ጠርዝ ቅስት ይሠራል። አራት ማዕዘን ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

የጥርሱ ርዝመት የሚዛባው በኮኑ የላይና ታች አንግል ነው። አንግሉ ሲያንስ ጥርሱ ተለጥጦ ይረዝማል። ሲበዛ ያጥራል። ሩትካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ለሚሠራ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሥሩን ርዝመት የሚገምተው ከዚያ ምስል ነው። በግራና ቀኝ ያለው አንግል ሲሳሳት ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ይደራረባሉ። በሁለት ጥርስ መካከል የተደበቀ ጉድጓድ ያን ጊዜ አይታይም። ባይትዊንግ የሚባለው፣ የላይና የታች ጥርሶች ተነክሰው የሚነሳው ራጅ፣ ያንን ለማየት ስለሆነ፣ የተደራረበ ባይትዊንግ ዋጋ የለውም።

የሥር ጫፍ የሚቆረጠው ተቀባዩ ጠልቆ ሳይገባ ወይም ታካሚው መያዣውን አጥብቆ ሳይነክስ ሲቀር ነው። የኋለኛው መንጋጋ ግማሹ የሚጠፋው ደግሞ ተቀባዩ ወደ ኋላ በቂ ሳይሄድ ነው። ፊልም ተገልብጦ ከገባም ያስታውቃል። ከውስጡ ያለው ቀጭን እርሳስ ወደ ጨረሩ ስለሚዞር ምስሉ ይገረጣል፤ የጎማ ዱካ የመሰለ መስመርም ይወጣበታል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። መጥፎ ራጅ ሁሉ የአቀማመጥ ስህተት አይደለም። በእጅ የሚታጠብ ፊልም ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ውስጡ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ዴቨሎፐሩ ወደ 27 ዲግሪ ሲጠጋ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በለመደው 5 ደቂቃ የሚያጥብ ሰው ራጁ ይጠቁርበታል። ከዚያ "ማሽኑ አረጀ" ይላል፣ ወይም አንግሉን እየቀያየረ ደጋግሞ ያነሳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ቴርሞሜትር ስቀሉ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መስፈርት የትኛውን ስህተት ይከላከላል፣ የትኛውንስ ይጋብዛል የሚለው ነው። ሁለተኛው የታካሚው ምቾት ነው። ያመመው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ወይም በምላሱ ይገፋል፤ ስለዚህ ምቾት ራሱ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ከአካባቢያችን ጋር መስማማቱ ነው፦ ሙቀት፣ አቧራ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ሐረር ላይ ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ። አራተኛው ንጽህና ነው፤ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይገባል ወይስ በሽፋን ብቻ ነው የሚጠበቀው? አምስተኛው ዋጋ ነው። የመግዣውን ብቻ አይደለም የምለው። ሲሰበር መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል የሚለውንም ቁጠሩት።

ምርጫ 1፦ ተቀባዩን ምን ይያዘው?

*የታካሚው ጣት።* ጣት ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ቦታም እስካሁን የሚሠራበት በዚህ ነው። የሚሄደው ባይሴክቲንግ ከሚባለው ዘዴ ጋር ነው። በጥርሱና በፊልሙ መካከል ያለው አንግል በሐሳብ እኩል ይከፈላል፣ ጨረሩም በዚያ መሃል መስመር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሕጉ ከፖላንዳዊው የጥርስ ሐኪም አንቶኒ ቼሺንስኪ ስም ጋር ተያይዞ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ችግሩ መሃል መስመሩ አይታይም፤ ሠራተኛው ይገምተዋል። ሰው ደግሞ ሲደክመው ግምቱም ይደክማል።

ብዙዎች የሚይዙት የቁጥር ሰንጠረዥ አለ። ለላይኛው የፊት ጥርስ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ፣ ለላይኛው መንጋጋ ከ20 እስከ 30፣ ለታችኛው መንጋጋ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ከታች ወደ ላይ። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት የሚነሳው መንጋጋ የመንከሻ መስመር ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን ብቻ ነው። ወንበሩ ጋደም ብሎ ሳለ ቁጥሩን ብቻ መከተል ጥርሱን ወይ ያረዝማል ወይ ያሳጥራል። በዚህ ላይ ጣት ፊልሙን ያጎብጠዋል፣ የታካሚው እጅም ጨረር ውስጥ ይገባል። የሠራተኛው ጣትማ በፍጹም አይታሰብም። እናትየው "እኔ ልያዝለት" ብትልም ጣቷ እዚያ መግባት የለበትም።

*ቀለበት የሌለው መንከሻ።* ከፕላስቲክ ወይም ከፎም የሚሠራ ትንሽ መያዣ ነው። ጣትን ከጨረር ያወጣል፣ ተቀባዩንም አያጎብጥም። ርካሽ ነው፣ ለልጆች አፍም ይመቻል። ኮኑ ወዴት መዞር እንዳለበት ግን አይነግርም። ኮን ከትና መደራረብ እንዳሉ ይቀራሉ። ለአዲስ ሠራተኛ ግማሽ እርዳታ ነው።

*ቀለበትና ዘንግ ያለው መያዣ።* ይህ ፓራለሊንግ ለሚባለው ትይዩ ዘዴ የተሠራ ነው። ተቀባዩ ከጥርሱ ቁመት ጋር ትይዩ ይቆማል፤ ቀለበቱ ደግሞ ኮኑ የት ማረፍ እንዳለበት ያሳያል። ሦስቱን ትላልቅ ስህተቶች፣ ማለትም ኮን ከትን፣ የርዝመት መዛባትንና መደራረብን፣ በአንድ ዕቃ ይቀንሳል። በብዙዎቹ ስብስቦች ሰማያዊው ለፊት ጥርስ፣ ቢጫው ለኋላ፣ ቀዩ ለባይትዊንግ ነው። አብዛኞቹ በአውቶክሌቭ ይገባሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ።

ቀለበት ገዝተው አሁንም የሥር ጫፍ የሚቆረጥባቸው አሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ያው ነው፦ ተቀባዩን ጥርሱ ላይ ለጥፈው ያስቀምጡታል። ትይዩ ዘዴ ተቀባዩን ከጥርሱ ራቅ አድርጎ ወደ አፍ መሃል ይፈልጋል፤ ላንቃ ከፍ የሚለው እዚያ ነው። ከጥርሱ ስለራቀም ረጅም ኮን ይሻላል። ላንቃው ዝቅ ላለበት ሰው ፍጹም ትይዩነት አትጠብቁ፤ እስከ 20 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ተቀባይነት አለው። ከመንከሻው በታች የጥጥ ጥቅል ማድረግም ይረዳል። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሳይነክስ ግን አታንሱ። "ንከስ" እና "አትንቀሳቀስ" የሚሉትን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ ማወቅ እዚህ ከተማ እንደ አንድ የሥራ መሣሪያ ነው።

መያዣው በትክክል መገጣጠሙን የምታዩበት ቀላል መንገድ አለ። ወደ አፍ ሳይገባ በቀለበቱ ውስጥ ተመልከቱ። ተቀባዩ ሙሉ ሆኖ መሃል ላይ መታየት አለበት። አንድ ጎኑ ከጎደለ ያ ጎን ኮን ከት ይሆናል።

ምርጫ 2፦ ፊልም፣ ፎስፈር ፕሌት ወይስ ሴንሰር?

*ፊልም።* ቀጭን ነው፣ አፍ ውስጥ ይመቻል፣ ጠርዙ ድረስ ምስል ይይዛል። የአዋቂው መደበኛ መጠን 31 በ41 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 22 በ35 የሆነው ለሕፃናት ነው። ከአቀማመጥ አንጻር ፊልም መጥፎ ምርጫ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው "ፊልም ስለሆነ ነው የተበላሸው" የሚል ሰበብ ስለሚበዛ ነው። የፊልም ድክመቱ መጉበጡና መገልበጡ ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው ጎበጥ ያለች ነጥብ ወደ ጨረሩ ትዙር፣ ወደ ጥርሱ ራስ በኩልም ትሁን፤ ሥር ላይ ካረፈች ምስሉን ታደናቅፋለች።

ፊልም የሚፈትነን ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው። ሙቀቱን ከላይ አንስቻለሁ። ውሃም አለ፤ በእጅ የታጠበ ፊልም ከኬሚካሉ ሲወጣ በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። ሐረር ላይ ውሃ በሌለበት ቀን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፊልም ከመረጣችሁ ኤፍ ፍጥነት (ለጨረር ያለው ንቃት) ያለውን ግዙ። ከድሮው ዲ ጋር ሲተያይ ከግማሽ ባነሰ ጨረር ይሠራል።

*ፎስፈር ፕሌት።* እንደ ፊልም ቀጭን ነው፣ ገመድ የለውም፣ መጠኑም እንደ ፊልሙ ነው። ከተነሳ በኋላ ስካነር ያነበዋል። በፊልም የለመደ እጅ አዲስ ነገር አይማርም፤ ያው የፊልም መያዣም ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ለሕፃናትና ቶሎ ወደላይ ለሚላቸው ሰዎች ከዲጂታሎቹ የምመርጠው ይህን ነው።

ድክመቶቹን ግን እወቁ። ተገልብጦ ቢነሳም ምስል ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ግራው ቀኝ ይመስላል። የተሳሳተ ጥርስ እስከ መንቀል የሚያደርስ ስህተት ስለሆነ፣ ፕሌቱ ላይ ያለችውን ምልክት ሁልጊዜ ፈልጉ። ጥርስ ሲነክሰው ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲፋቅ የማይጠፋ ጭረት ይይዛል፤ የድሬ አቧራ ደግሞ ለዚህ አይመችም። ብርሃን ምስሉን ያጠፋዋል። መብራት ሄዶ ስካነሩ ከቆመ ፕሌቱን ጨለማ ውስጥ አቆዩት፤ ቢሆንም ምስሉ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየደበዘዘ ይሄዳል።

*ሴንሰር።* ምስሉ ወዲያው ስክሪን ላይ ይወጣል። ሩትካናል እየሠሩ በየመሃሉ ለማየት የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር ነው። ሴንሰር ወፍራምና ግትር ነው፣ አይታጠፍም፣ ብዙዎቹም ገመድ አላቸው። ምስል የሚይዘው ክፍልም ከውጭ ጠርዙ ያነሰ ነው። በፊልም ሙሉ የሚታየው የመጨረሻው መንጋጋ በሴንሰር ጫፉ ሊጎድል የሚችለው ለዚህ ነው። ክራንቻ አካባቢ አፍ ስለሚጠብ ያማል፤ እዚያ ትንሹ ቁጥር 1 ሴንሰር ይሻላል። ምላስ ሥር ሲገባ ሰውየው መንጋጋውን ያላላል፣ ሴንሰሩ ይንሸራተታል፣ የሥሩ ጫፍ ይቀራል።

ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ምስሉ ወዲያው ስለሚታይ ሰው ለመድገም ይደፍራል። ፊልም ሲሆን የሚታጠብበትን ጊዜ አስቦ ተጠንቅቆ ያነሳል። ሴንሰር ሲሆን "አንዴ ልድገመው" ይቀላል። በሴንሰር የአንዱ ምስል ጨረር ቀነሰ ማለት የታካሚው ጠቅላላ ጨረር ቀነሰ ማለት አይደለም። ሴንሰር የሚገዛ ክሊኒክ የተደገሙትን ከነምክንያታቸው የሚጽፍበት ደብተር ቢይዝ እመክራለሁ፦ የትኛው ጥርስ፣ ምን ስህተት፣ ማን አነሳ።

ሴንሰር በአውቶክሌቭ አይገባም። በእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ሽፋን ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ገመዱ ነው።

ቲዩቡስ?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቲዩብ አይንቀጠቀጥም። ሠራተኛውም 2 ሜትር ርቆ ወይም ከግርዶሽ ጀርባ ሆኖ ያነሳል። ክንዱ ሲላላ ግን ኮኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ልቀቁትና ከቦታው እንደማይንሸራተት እዩ። በእጅ የሚያዘው በባትሪ ይሠራል፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋና ለገጠር ዘመቻ ጥሩ ነው። ክብደቱ እጅ ያደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ አንግል ይቀይራል። ከገዛችሁ ኮኑ ጫፍ ላይ ክብ መከላከያ ያለውንና በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበውን ብቻ ግዙ። መከላከያው በደንብ የሚሸፍናችሁ ኮኑ አግድም ሲያዝ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያውን ከማዘንበል የታካሚውን ራስ አዘንብሉ።

አራት ማዕዘን ኮን ከክቡ ጋር ሲተያይ ጨረሩን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያለ ቀለበት ግን አትሞክሩት፤ ትንሽ ከሳታችሁ ኮን ከት ነው።

ኦፒጂ የሚባለው ከአፍ ውጭ የሚነሳ ራጅ ሙሉውን መንጋጋ በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ የአቀማመጥ ችግር የሌለው ይመስላቸዋል። አለው። አገጭ ሲዘቀዝቅ የጥርሱ መስመር ከልክ በላይ ፈገግ ይላል፤ ወደ ላይ ሲነሳ መስመሩ ይገለበጣል። ምላስ ላንቃ ላይ ካልተጣበቀ የላይኛው ሥሮች ላይ ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ጉትቻ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ ሁለተኛ ጥላ ይጥላል። ከጁገል (ከሐረር አሮጌ ከተማ) የመጡ እናት ወርቃቸውንና የሻሻቸውን መርፌ እንዲያወልቁ ሲጠየቁ፣ መጋረጃ ያለበት ቦታ ይሰጣቸው፣ ሴት ሠራተኛም ትርዳቸው።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | የሚቀንሰው ስህተት | የሚጋብዘው ስህተት | ሙቀት፣ መብራት፣ ውሃ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ጣት | የለም | መርዘም፣ ማጠር፣ መጉበጥ፣ ኮን ከት | አይመለከተውም | ነጻ |
| ቀለበት የሌለው መንከሻ | መጉበጥ | ኮን ከት፣ መደራረብ | አይመለከተውም | በጣም ዝቅተኛ |
| ቀለበት ያለው መያዣ | ኮን ከት፣ የርዝመት መዛባት፣ መደራረብ | በደንብ ካልተነከሰ የሥር ጫፍ መቆረጥ | አይመለከተውም | ዝቅተኛ |
| ፊልም | የጠርዝ መጉደል | መጉበጥ፣ መገልበጥ | ሙቀትና ውሃ ይፈትኑታል | መግዣው ዝቅተኛ፣ ወጪው የማያቋርጥ |
| ፎስፈር ፕሌት | የጠርዝ መጉደል፣ በሕመም መንቀሳቀስ | ግራና ቀኝ መቀያየር | መብራት፣ ብርሃንና አቧራ | መካከለኛ |
| ሴንሰር | መጉበጥ | የሥር ጫፍና የኋላ መንጋጋ መጉደል | በላፕቶፕ ይሠራል | ከፍተኛ፣ ገመዱ ስስ |

ለማን የትኛው?

በትንሽ ገንዘብ ሳቢያን ወይም ሸዋ በር አካባቢ ለሚጀምር ክሊኒክ፦ ቀለበት ያለው መያዣ፣ ኤፍ ፊልም፣ ቴርሞሜትር። መያዣውን ሁለት ስብስብ ግዙ፤ አንዱ አውቶክሌቭ ውስጥ ሳለ ሌላው ይሠራል። አንድ ብቻ ካለ ሰው በሚበዛበት ሰዓት እጅ ወደ ጣት ይመለሳል። ዲጂታሉ ቆይቶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም እጃችሁ ተገርቶ ይጠብቀዋል።

ልጆች ለሚበዙበት፦ ትንሹ ፎስፈር ፕሌት ከፎም መንከሻ ጋር፣ ከፍ ላሉት ከቀለበት ጋር። በልጅ ላይ ከቀላሉ የፊት ጥርስ ጀምሩ። መጀመሪያ ኋላ ገብታችሁ ካስመለሳችሁት ቀኑን ሙሉ አፉን አይከፍትላችሁም።

ሩትካናል ለሚበዛበት፦ ሴንሰር፣ ግን የራሱ መያዣና ለሩትካናል የተሠራው መያዣ አብረው ካልተሸጡ አትግዙ። የፊልም መያዣ ሴንሰርን አይይዝም። ሽያጩ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ከዚያ ውድ ሴንሰር በጥጥና በጣት ሲያዝ ይታያል።

ከቀትር በኋላ ታካሚ ለሚበዛበት ክሊኒክ፣ እኛ ከተማ ያው በአብዛኛው ከበርጫ በኋላ ማለት ነው፦ አፍ ደርቋል፣ መንጋጋ ደክሟል፣ ንክሻውም አይጠነክርም። ቀጭን ተቀባይ ምረጡ። ተቀባዩ ሳይገባ አፉን በውሃ ያርስ። የኋላውን መንጋጋ ፎቶ መጨረሻ ላይ አንሱት።

ለገጠር ዘመቻ፦ ሕጋዊ የእጅ ቲዩብ፣ ሴንሰር፣ ላፕቶፕና ቀለበት ያለው መያዣ። ኦፒጂ ለመግዛት ያሰበ ደግሞ በሳምንት ስንት ሰው ወደ ሌላ ቦታ እንደሚልክ አስቀድሞ ይቁጠር።

ዲጂታል ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አራት ነገር ጠይቁ። የሴንሰሩ ምስል የሚይዝ ክፍል ስንት በስንት ሚሊሜትር ነው? ገመዱ ብቻውን ይቀየራል? ዋስትናው ሴንሰሩ ሲወድቅ ይሸፍናል? ሲበላሽ ድሬ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ አለ? ከዚያ ጨረር ሳትለቁ፣ ሽፋን አልብሳችሁ፣ ሴንሰሩን ከነመያዣው ወደ ራሳችሁ አፍ፣ ወደ መጨረሻው የላይ መንጋጋ አስገቡትና ንከሱ። እናንተ ያልቻላችሁትን ታካሚው አይችለውም። በሰው ላይ ለማሳያ ብቻ ራጅ አይነሳም፤ ሻጩ ምስል ማሳየት ከፈለገ የተነቀለ ጥርስ ይበቃዋል።